የማገዶው ዋጋ ሌላ፣ የሙቀቱ ዋጋ ሌላ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። በረዷማ አገር ቤት ለያዙ ሰዎች የተጻፈ የማሞቂያ ምክር ነው። ጸሐፊው ለሰው አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። የብርድ ወራት ሂሳብ ስንቱን እንቅልፍ እንደሚነሳ ያውቃሉ፤ አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው። ነገር ግን ምክራቸውን እንዳለ የተከተለ ሰው ብዙ ገንዘብ ያጣል። አንዱ ምክራቸው ደግሞ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ያሳጣል። እሱን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ማገዶን የሚያህል ርካሽ ነገር የለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንም ስለማያባክን አዋጭ ነው። ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከደጅ አየር ሙቀት ወስዶ ወደ ቤት የሚያስገባው መሣሪያ፣ በረዶ ባለበት አገር አይሠራም። ማሞቂያ ሲገዛ ተለቅ ያለውን ነው። ቴርሞስታት፣ ማለትም የቤቱን ሙቀት መጠን የሚቆጣጠረውን መሣሪያ፣ ዝቅ ከፍ ማድረግ ሂሳብ ይጨምራል። በየወሩ እኩል መክፈል ወጪ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ቤት ማስገባት ነው።

በማገዶው ልጀምር። ማገዶ የሚያዋጣው ሰው አለ። የራሱ ዛፍ፣ ጉልበትና ማድረቂያ ቦታ ላለው ሰው ጥሩ ነው። ጸሐፊው ግን የአንድ ክምር እንጨት ዋጋ ከአንድ በርሜል ናፍታ ዋጋ ጋር አስተያይተው ፈረዱ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኛ የምንፈልገው እንጨት አይደለም፤ ናፍታም አይደለም። ሙቀት ነው። መወዳደር ያለበት ቤት ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ዋጋ ነው።

በደንብ የደረቀ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት በኪሎ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ሙቀት ይሰጣል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግን ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል። ያ በኪሎ ወደ 2 ይወርዳል። በኪሎ የምትገዙ ከሆነ ግማሹን ገንዘብ ለውሃ ከፈላችሁ ማለት ነው። በክምር ስትገዙ ልዩነቱ ይጠባል፤ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ውሃው እሳቱን ያቀዘቅዘዋል። መቃጠል የነበረበት ነገር ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል።

መጀመሪያ ዓመት ላይ «ደርቋል» ተብሎ የተሸጠልኝን እንጨት አልረሳውም። ምድጃው ውስጥ ሳስገባው ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቃል። ስስስ ይላል። የምድጃው መስታወት በአንድ ምሽት ጥቁር ሆነ። ክፍሉ ግን ያው ብርድ ነው። ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም እንጂ መፈተኛው ቀላል ነው። ሁለት ፍልጥ አንስታችሁ አጋጩ። የደረቀው «ቋ» ይላል። እርጥቡ «ዱብ» ብሎ ይቀራል። እርግጠኛ መሆን የፈለገ ደግሞ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይግዛ፤ እንጨቱን ፈልጦ አዲሱን ገጽ ይለካ። ውጭውን መለካት ያታልላል፤ ቀድሞ የሚደርቀው ውጭው ነው።

ምድጃውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በር ያለው ዘመናዊ የእንጨት ምድጃ ከሙቀቱ 70 እስከ 80 በመቶ ለቤቱ ይሰጣል። ግድግዳ ውስጥ ያለው ክፍት እሳት ግን ለዓይን ደስ ይላል እንጂ የሚሰጠው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው። ሌላው ክፍል ውስጥ የሞቀውን አየር ጭምር ስቦ ወደ ሰማይ ይልከዋል። ጸሐፊው ሁለቱን ለይተው አልጻፉም። ስለ ጭስ ማውጫ ጽዳትም ምንም አላሉም። እርጥብ እንጨት ክሪዮሶት የሚባል ሬንጅ መሰል ጥላሸት ቱቦው ላይ ይለጥፋል። ያ ነገር አንድ ቀን እሳት ከያዘው ጣሪያውን ይዞ ይሄዳል። በዓመት አንዴ ማስጠረግ ግዴታ ነው፤ ወጪውም ከማገዶው ዋጋ ጋር ይደመር።

ታዲያ እንዴት ይነጻጸር? ስሌቱ ከባድ አይደለም። አንድ ሊትር የማሞቂያ ናፍታ ውስጥ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት አለ። አንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝም ወደ 10 ይጠጋል። አንድ ሊትር ፕሮፔን (በሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ) 7 ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ፔሌት (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ብናኝ) ከ4.5 እስከ 5 ይሰጣል። ይህን ቁጥር በማሞቂያው ብቃት አባዙት። ያረጀ ቦይለር (ውሃ አሙቆ በቧንቧ ወደ ክፍሎቹ የሚልክ ማሞቂያ) 70 ወይም 80 በመቶ ነው። አዲሱ፣ ኮንደንሲንግ የሚባለው፣ ከ90 በመቶ በላይ ይሄዳል። ከዚያ የሊትሩን ወይም የኪሎውን ዋጋ ባገኛችሁት ቁጥር አካፍሉ። የሚወጣው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት እውነተኛ ዋጋ ነው። ማንኛውንም ነዳጅ ከማንኛውም ጋር በዚህ ማወዳደር ይቻላል።

ኮንደንሲንግ ቦይለር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቦይለር ያንን ብቃት የሚያገኘው ከራዲያተር፣ ማለትም ሙቅ ውሃ እየዞረበት ክፍሉን ከሚያሞቀው ብረት፣ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ተለውጦ ሙቀቱን የሚሰጠው ያኔ ነው። ብዙ ቤት ግን ውሃው ከመጠን በላይ ሞቆ ነው የሚሄደው። ሰው ውድ ቦይለር ገዝቶ እንደ ድሮው ያሠራዋል። የውሃውን ሙቀት በትንሽ በትንሹ ዝቅ እያደረጉ ቤቱ መሞቁን ማየት ምንም አያስከፍልም። ለመታጠቢያ የሚጠራቀመው የሙቅ ውሃ ጋን ግን በባክቴሪያ ምክንያት 60 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ እሱን አትንኩ።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አያባክንም የሚለው እውነት ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ገብቶ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይወጣል። ግን አለማባከን አንድ ነገር ነው፤ መርከስ ሌላ ነው። በብዙ ቦታ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ በጣም ይወደዳል። ደግሞ ጸሐፊው «ዘይት ያለበት ማሞቂያ ከሌላው ይቆጥባል» ብለዋል። አይቆጥብም። ዘይት ያለበትም፣ ማራገቢያ ያለበትም፣ ውዱም፣ ርካሹም 1500 ዋት ከሆነ 1500 ዋት ነው። ሌሊቱን 8 ሰዓት ከሠራ 12 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ሌሊት 360 ኪሎዋት ሰዓት። ቢላችሁን አውጡና አባዙት። አንድ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ለአጭር ጊዜ ሲሞቅበት ይጠቅማል። መላ ቤቱን በሱ ማሞቅ ግን ኪስ ያራቁታል።

አሁን ወደ ሂት ፓምፕ። ጽሑፉ ሰውን በጣም ያሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ፍሪጅ ያለው ሰው የሂት ፓምፕን አሠራር ቤቱ ውስጥ ይዞታል። ፍሪጅ ከሆዱ ሙቀት አውጥቶ በጀርባው ይለቃል። ሂት ፓምፕ ደግሞ ከደጅ አየር ሙቀት ወስዶ ቤት ውስጥ ይለቃል። «ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ የምን ሙቀት?» ይላሉ ጸሐፊው። አለ። ሙቀት ጨርሶ የሚያልቀው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ላይ ነው። ብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ውስጥ የሚዞረው አር-32 የሚባለው ጋዝ የሚፈላው ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኛን የሚያንቀጠቅጠን ብርድ ለእሱ ሙቀት ነው። መብራቱ የሚከፈለው ሙቀት ለመፍጠር ሳይሆን ሙቀት ለማጓጓዝ ነው፤ ለዚህ ነው ከከፈልነው በላይ የምናገኘው።

ደግሞስ በረዶ አገር አይሠራም ከተባለ ኖርዌይ ምን ልትባል ነው? እዚያ 60 በመቶ ያህሉ ቤት ሂት ፓምፕ አለው። ስዊድንና ፊንላንድም ከ40 በመቶ በላይ ናቸው። ስዊድን በተለይ እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ካየችው በኋላ ቤቶቿን ከናፍታ ለማላቀቅ ዓመታት ሠርታለች። እነዚህ አገሮች በረዶ አያውቁም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጸሐፊው የጎረቤታቸው ሂት ፓምፕ በብርድ ቀን ሲጨስ አይተው «ብርዱን አልቻለውም፣ ተቃጠለ» ብለዋል። ያ ጭስ አይደለም፤ እንፋሎት ነው። ደጅ ያለው የመሣሪያው አካል ላይ ውርጭ ይይዛል። መሣሪያው ውርጩን ለማራገፍ ለጥቂት ደቂቃ አሠራሩን ይገለብጥና ራሱን ያሞቃል። በረዶው ሲቀልጥ ነጭ ደመና ይነሳል፤ ከሥር ውሃ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ሳየው እኔም ደንግጬ ወጥቻለሁ። ከዚያ ማራገቢያው ተመልሶ ይዞራል፤ አለቀ።

እውነቱን ግን እውነት ማለት አለብኝ። ብርዱ በጨመረ ቁጥር ትርፉ ይቀንሳል። ከዜሮ በላይ 7 ዲግሪ ላይ አንድ ከፍላችሁ ወደ 4 ብታገኙ፣ ከዜሮ በታች 15 ላይ ወደ 2 ይወርዳል። የሚሰጠው ጠቅላላ ሙቀትም ቤቱ አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት ያንሳል። ስለዚህ ለብርድ አገር የተሠራውን ዓይነት መምረጥ፣ በጣም ለሚከፋው ቀንም መጠባበቂያ መያዝ ግድ ነው። አቀማመጡም ወሳኝ ነው። በረዶ እንዳይቀብረው ከመሬት ከፍ ባለ ማቆሚያ ላይ ይሁን። ከጣሪያ በረዶ የሚናድበት ቦታ ሥር አይሁን። ሂት ፓምፕ አማረረኝ የሚሉ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ሳይ ጥፋቱ መሣሪያውን የገጠመው ባለሙያ ነው።

ዋጋውስ? ዓመቱን በአማካይ በ1 መብራት 2.5 ሙቀት ይሰጣል እንበል። ቤታችሁ ያለው የጋዝ ቦይለር ደግሞ 90 በመቶ ነው። እንግዲህ የመብራቱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከጋዙ ኪሎዋት ሰዓት 2.8 እጥፍ እስካልበለጠ ድረስ ሂት ፓምፑ ይረክሳል። ከበለጠ ጋዙ ይሻላል። በናፍታም እንዲሁ ነው። በ85 በመቶ ቦይለር አንድ ሊትር ናፍታ የሚሰጠውን ሙቀት ሂት ፓምፕ በ3.4 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ያመጣዋል። ሁለቱን ቢል አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ነው። መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ «አይሠራም» ብሎ በጅምላ መዝጋት ግን ሰውን መበደል ነው። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ወደ ሂት ፓምፕ ቀይራችሁ ጋዙን ለምድጃ ብቻ ካስቀራችሁት የጋዝ ቆጣሪው ቋሚ ክፍያ በየወሩ መምጣቱን ይቀጥላል።

«ተለቅ ያለውን ግዙ» የሚለውን ምክር እኔም ሰምቼው ነበር። ቤቴን ያየው ባለሙያ የክፍሎቹን ስፋት እንኳ አልለካም። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ «ትልቁን እናስገባ፣ ይሻልሃል» አለኝ። በዚያ ሰሞን በጣም የሚበርድ ሌሊት መጣ። ሰዓቴን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ያለኝ ፈርነስ (አየር አሙቆ ወደ ክፍሎቹ የሚነፋ ማሞቂያ) 7 ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል። 13 ደቂቃ ይቆይና ይነሳል። በአንድ ሰዓት ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ 21 ደቂቃ። በዓመቱ ከሚብሰው ብርድ በአንዱ ሌሊት ከአቅሙ ሲሦውን ነው የተጠቀመው። የነበረኝ ራሱ ለቤቱ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር። ሰውዬው ደግሞ ከሱ የሚበልጥ ሊሸጥልኝ ነበር። ከመጠን ያለፈ ማሞቂያ ሲገዛ ይወደዳል። እየተነሳ እየጠፋ ቶሎ ያረጃል። ክፍሉም አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ ይበርዳል። እየዞረ ግድግዳ፣ መስኮትና ኮርኒስ ለክቶ የሚያሰላ ባለሙያ ፈልጉ። ሳይለካ መጠን የሚነግራችሁን ሰው አመስግናችሁ ሸኙት።

ጸሐፊው ሳይነኩት ያለፉት ትልቁ ነገር ቤቱ ራሱ ነው። ሙሉ ጽሑፉ ውስጥ ስለ ኮርኒስ፣ ስለ መስኮት፣ ስለ በር ሥር ቀዳዳ አንድ ቃል የለም። በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እየቀዱ የቱ ምንጭ ይሻላል ብሎ መከራከር ምን ይጠቅማል? በረዶ በጣለ ማግስት ደጅ ወጥታችሁ ጣሪያችሁን እዩት። የጎረቤት ጣሪያ በረዶውን ተሸክሞ የእናንተው ቦታ ቦታው ላይ ቀልጦ ከታየ ሙቀታችሁ በዚያ እየወጣ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ እንደ ጦር የተንጠለጠሉት ረዣዥም በረዶዎችም ብዙ ጊዜ የዚሁ ምልክት ናቸው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ወጥቶ በኮርኒሱ ቀዳዳ ያመልጣል፤ በምትኩ ብርዱ ከታች በበር ሥር ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳውን መድፈን፣ ቀጥሎ ኮርኒስ ላይ ሙቀት እንዳያመልጥ መከላከያ ማልበስ፣ ማሞቂያ መቀየር ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ያድናል፤ ቤቱ ከታሸገ በኋላ የሚበቃው ማሞቂያ ትንሽ ይሆናላ። ተከራይ ከሆናችሁ ኮርኒሱ የአከራዩ ጉዳይ ነው። የበር ሥር መድፈኛና የመስኮት ጎማ ግን በራሳችሁ አቅም ይሠራል።

በቴርሞስታቱ ጉዳይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። «ዝቅ አድርጎ መልሶ ማሞቅ የበለጠ ይፈጃል» ይላሉ። ለጋዝና ለናፍታ ማሞቂያ ትክክል አይደለም። ቤት ሙቀት የሚያጣው በውስጥና በውጭ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውስጡ 20፣ ውጩ ከዜሮ በታች 10 ከሆነ ልዩነቱ 30 ነው። ሌሊት ወደ 17 ስታወርዱት 27 ይሆናል። በነዚያ ሰዓታት የሚጠፋው ሙቀት በአሥር በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ጠዋት መልሶ ለማሞቅ የሚወጣው ቤቱ ሲበርድ ከቆጠበው አይበልጥም። ሂት ፓምፕ ያለው ሰው ግን ይጠንቀቅ። ሌሊት ብዙ አውርዶ ጠዋት በአንዴ ከፍ ሲያደርገው መጠባበቂያው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነሳና የተቆጠበውን ይበላዋል። ለሱ አንድ ሁለት ዲግሪ ይበቃል። ቤት ዘግቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጨርሶ አያጥፋው። ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ቧንቧው ይፈነዳል።

ክፍያውን በአጭሩ ልለፈው። በየወሩ እኩል መክፈል ወጪ አይቀንስም። ያው ሂሳብ ለአሥራ ሁለት ተከፍሎ ነው። ጥቅሙ በብርዱ ወር አለመደንገጥ ነው፤ ያም ቀላል ጥቅም አይደለም። ግን በዓመቱ መጨረሻ ማስተካከያ ይመጣል። ብዙ የፈጀ ሰው ቀሪውን በአንዴ ይጠየቃል። ስለዚህ የሚከፍሉትን ብቻ ሳይሆን ቆጣሪውን ማየት ያስፈልጋል። የነዳጁን ዋጋ አስቀድሞ ቆርጦ የሚያጸና ውል እንደ መድን ነው፤ ዋጋው ሲወጣ ያድናል፣ ሲወርድ ያስቆጫል። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ለማፍረስ ስንት እንደሚጠየቅ አንብቡ። በሙቀት ወራት ቀድማችሁ ለናፍታ የምትከፍሉ ከሆነ ሻጩ ቢከስር ገንዘባችሁ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን ወደ ከሰሉ።

ጸሐፊው መብራት ከጠፋ «ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ሲያልቅ ማስገባት ነው፣ መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግ ይበቃል» ብለው ጽፈዋል። በፍጹም አይበቃም። ጭሱ ሲያልቅ አደጋው አላለቀም። የፋመ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ነገር ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይመጣል። ጉንፋን የያዘው ይመስለዋል። «እስቲ ጋደም ልበል» ይላል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። ብርድ የበዛበት ቤት ደግሞ ለሙቀት ተብሎ ጥርቅም ተደርጎ የታሸገ ነው።

መብራት የጠፋ ቀን የሚደረግ ነገር አለ። ቤተሰቡ አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይሰብሰብ። በሩ ይዘጋ፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይንጠልጠል። ቧንቧው ውስጥ በረዶ እንዳይሆን ውሃው ጠብ ጠብ ይበል። ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ ያለመብራት ይሠራል፤ እዚህ ላይ የጸሐፊው ማገዶ ዋጋ አለው። ጄነሬተር ካለ ደጅ፣ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ጋራዥም ቤት ነው። በግድግዳ የሚወጣ የፈርነስ ቱቦ ያላችሁም በረዶ በጣለ ቁጥር አፉ እንዳልተደፈነ ሂዳችሁ እዩ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ደግሞ መኝታ ክፍል አጠገብ ይኑር። ደወሉ ከጮኸ መጀመሪያ ሁሉም ሰው ይውጣ፤ ከዚያ ለእሳት አደጋ ይደወል።

ጸሐፊው፣ በሌላው ሁሉ ልንከራከር እንችላለን። ስለ ሂት ፓምፑ ባንስማማ ገንዘብ ነው። ያቺን የከሰል አንቀጽ ግን እባክዎን ዛሬውኑ ያውጡልን። ጽሑፉን ከላኩልኝ ሦስት ሰዎች ጋር ደውዬ አውርቻለሁ። አንዷ ሁለት ልጆች አሏት። ከሰሉን ገዝታ ምድር ቤት አስቀምጣለች። ነገ ጠዋት ሄጄ ከሰሉን አወጣለሁ፤ ጠቋሚውንም ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል በር ላይ እገጥምላታለሁ።